ድንጋይ የሌለው ባትሪ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ከሰው መሀል ተነስተው ከሚወጡት ነኝ። ሙት ታየኝ፣ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አለፈብኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን በልተህ ነበር፣ ቀጥዬ የምጠይቀው ደግሞ ምን ጠጥተህ ነበር ብዬ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ ኖሮኝ አያውቅም። የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፣ ያስተማርኩትም ኬሚስትሪ ነው፣ ጡረታ የወጣሁትም በእሱው ነው፣ በጠርሙስ የማይሞከር ነገር አያሳምነኝም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ወዳጄ፣ አሁን የማወራልህን ስትሰማ አንተም ምን በልተህ ነበር ማለትህ ስለማይቀር ነው። የበላሁት ሽሮ ነው፣ የጠጣሁትም ውሃ ነው፣ እሱን እዚሁ እንጨርሰው።

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን ነው። ከአዲስ አበባ ኮሌጅ ወጥቼ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ትውልዴ ስማዳ ስለሆነ አገሩ አዲስ አልሆነብኝም፣ ብርዱንም ጭቃውንም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ ያናደደኝ ሌላ ነው። የኮሌጁ ፈረንጅ መምህሬ ስሰናበተው እጄን ጨብጦ፣ «አስማረ፣ እዚያ ሄደህ የተማርከውን ሁሉ ትረሳዋለህ» አለኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፣ የሰው ንግግር ከሆዴ ቶሎ አይወጣልኝም። ስለዚህ ደብረ ታቦር ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በነጋዴ በቅሎ፣ በገለባ የተጠቀለሉ ጠርሙሶች አስጭኜ ነው የገባሁት፣ እስቴ ላይ ሆኜ አዲስ አበባ የሚሠራውን ሥራ ልሠራ፣ ለዚያ ፈረንጅም በብልቃጥ ልልክለት።

የተከራየሁት ክፍል ግራዝማች ደምሌ ከሚባሉ ሰው ግቢ ነበር፣ ከእቃ ቤታቸው ጋር ግድግዳ የሚጋራ ክፍል። ግራዝማች ሙግት ይወዱ ነበር ብልህ ነገሩን ማሳነስ ይሆንብኛል። ሌላው ሰው ማለዳ ተነስቶ በሬውን ይጠምዳል፣ እሳቸው ማለዳ ተነስተው ክስ ይጠምዱ ነበር። የሰርግህ ዳስ ጥላ ጓሮዬ ላይ ወድቆ ጎመኔን አቀጨጨው ብለው ጎረቤት ከሰዋል። በቅዳሴ መሀል ሆን ብሎ አንገቴ ላይ አሳለብኝ ብለው አንድ የአክስታቸውን ልጅ ከሰዋል። ዋናው ባላንጣቸው ግን አጥር የሚያዋስናቸው አቶ ፈንታሁን ነበሩ። ስለ አንድ ረድፍ የቅንጭብ አጥር ከአጥቢያ ዳኛ ተነስተው፣ ወረዳውን አልፈው፣ አውራጃውን አልፈው፣ አዲስ አበባ ዙፋን ችሎት ድረስ ተካሰዋል፣ በመጨረሻ ማን እንደረታ እነሱም ራሳቸው አይስማሙም ነበር፣ በእሱም ይካሰሱ ነበር።

እና ባትሪ ነበረቻቸው። ረጅም፣ ነጭ፣ ከእጃቸው የማትለይ ባትሪ። ሲናገሩ ማብሪያዋን በአውራ ጣታቸው ቀጭ ያደርጉና አብርተው፣ መልስ ሲሰሙ ቀጭ አድርገው ያጠፏታል፣ ጥያቄ ሲጠይቁማ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ፊትህ ላይ ያበሩብሃል፣ ምስክር እንደሆንክ ሁሉ። ከነገሬ ሁሉ ይህችን ያዝልኝ፣ በዚያ ሰሞን ድንጋይዋ አልቆ ነበር። አርብ ገበያ የሚሄዱት ነጋዴዎች ድንጋይ ጠፋ እያሉ ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበርና፣ ግራዝማች አሮጌዎቹን ድንጋዮች አውጥተው ፀሐይ ሲመታቸው ያገግማሉ ብለው በግቢው የድንጋይ ካብ ላይ ደርድረዋቸው ነበር። ባዶዋን ባትሪ ግን ከእጃቸው አላወጧትም፣ መብራት ባይኖርም ቀጭ ማለቷን አልተወችም።

አንድ ቀን ከደጃፌ ተቀምጬ ጠርሙሶቼን ስጠራርግ መጡና ከፊቴ ቆሙ።

«ይህ ቀዩ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ብሮሚን ይባላል ግራዝማች፣ አይጠጉት፣ ያቃጥላል።»

«ይህስ ውሃ የመሰለው?»

«ቶሉይን ነው። የዚህ ቅንጣት ቀለበት ነው ብለው ያስቡት፣ ከቀለበቱ ላይ አንዲት አጭር ጭራ አለችው። ቀዩን ስጨምርበት ወይ ቀለበቱን ይይዛል፣ ወይ ጭራውን ይይዛል።»

«ምርጫው የማን ነው?»

ይኸውልህ፣ ኮሌጅ ሙሉ ዓመት ያደከሙን በዚህችው ጥያቄ ነው። አንድ ነገር ከአንድ ነገር ጋር ስታገናኝ መያዣው ቦታ ብዙ ይሆናል፣ የሙያው ጥበብ ያልፈለግከውን ቦታ ሳይነካ የፈለግከውን ብቻ እንዲነካ ማድረግ ነው፣ መራጭነት እንለዋለን። «ጨለማ ውስጥ፣ ብርድ ላይ፣ የብረት ፍቅፋቂ ጨምሬበት ካስቀመጥኩት ቀለበቱን ይይዛል» አልኳቸው። «ብርሃን ካየ ደግሞ ጭራውን።»

ባዶዋን ባትሪ ቀጭ አደረጓት። «ማለትህ፣ ጉዳዩ አንድ ነው፣ ተከራካሪዎቹም እነዚያው ናቸው፣ ዳኛው ሲለወጥ ፍርዱ ይለወጣል።»

«እንደሱ በሉት።»

«ቀለበቱን ሲይዝ ምን ይወጣዋል?»

«ምንም፣ ዝም ያለ ዘይት ነው። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።»

«ጭራውንስ ሲይዝ?»

«እሱ ያስለቅሳል ግራዝማች። ሽንኩርት ከሱ አጠገብ ጨዋ ነው።»

«ማንን ያስለቅሳል?»

«ፊቱ የቆመውን ሁሉ።»

«ባላንጣንም?»

«ባላንጣንም፣ ዘመድ ከባዳ አይለይም።»

የአቶ ፈንታሁንን አጥር አዩ፣ ከዚያ ቀጭ አደረጉና፣ «እንግዲያው ለእኔ ለቅሶ የሚሆነው እሱ ነው። የዚህ አገር ሰው ዓይኑ ደረቅ ነው፣ ግን ወደደም ጠላም ያለቅስልኛል» አሉ። እኔም እንደሚባለው «እግዚአብሔር አያምጣው» ብዬ ስቄ ጠርሙሴን መጥረጌን ቀጠልኩ። ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆዩ፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ሆዴን ሲሉ ሰንብተው አረፉ። የዚያኑ ዕለት ተቀበሩ፣ ዋናው ለቅሶ ግን የጋይንት ዘመዶቻቸው መርዶ ደርሷቸው እስኪመጡ ተቀጠረ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፣ ደብቄ ምን አደርጋለሁ፣ ከሚስታቸው በቀር ያለቀሰ አላየሁም። ሰው ሁሉ መጥቷል፣ ሰው ሁሉ ቆሟል፣ ፊቱ ግን ፋይሉ እንደተዘጋለት ሰው ፊት ነው።

ሚስታቸው እትዬ ባንቺአምላክ ይህን አይተዋል። ደግ ሴት ነበሩ፣ ወባ ጥሎኝ ስንቀጠቀጥ አጠገቤ ተቀምጠው የአጥሚት ኩባያ ይዘውልኝ ያደሩ ሴት ናቸው፣ በእሳቸው ሐዘን መቀለድ አልችልም። ለቅሶው ነገ ሊሆን ማለዳ ላይ ደጃፌ መጥተው ቁጭ አሉ።

«አስማርዬ» አሉኝ፣ «ይህ ሰው ያላስቀየመው የለም፣ አውቃለሁ፣ እኔንም ራሴን አንድ ጊዜ ልከስሽ ነው ብሎኝ ያውቃል። ግን ባሌ ነው። ነገ እህቶቹ ከጋይንት መጥተው ያገሩ ሰው በደረቅ ዓይን ቆሞ ሲያዩት ምን እላለሁ? ከብት እንኳ ሲሞትበት ሰው ያዝናል። አንድ ሰው፣ አንድ የባዳ ሰው ቢያለቅስለት ይበቃኝ ነበር።»

«ያለቅሳሉ እትዬ፣ አልቃሿም ከስማዳ ትመጣለች» አልኳቸው፣ ሳላምንበት።

«ደግሞ ባትሪው ጠፋብኝ» አሉ። በእኛ አገር ለለቅሶው የሟች ካባ፣ ጠመንጃ፣ የለበሰው ልብስ ሁሉ ወጥቶ ይታያል፣ አልቃሿ እያነሳች ታስለቅስበታለች፣ እና የግራዝማች ባትሪ ከጠመንጃቸው በላይ ታዋቂ ነበረች። ድንጋዮቹ ካቡ ላይ እንደተደረደሩ ነበሩ፣ እትዬ ሊያነሷቸው አንጀታቸው አልቻለም፣ ባትሪዋ ግን የለችም። አልጋው ሥር፣ ሳጥኑ ውስጥ፣ ሁሉ ቦታ አብሬ ፈለግኩ፣ አጣናት።

አሁን ደግሞ የእኔን ጉድ ስማ። የብሮሚኔ ጠርሙስ ክዳን በመንገድ ተበልቶ ነበርና ቡናማ ጭስ ማትነን ጀምሯል፣ ዛሬ ካልሠራሁበት ነገ አይኖርም። በለቅሶ ቤት ሥራ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ድምፅ የለው፣ እሳት የለው፣ ጨለማ ብቻ ነው የሚፈልገው። እቃ ቤቱ መስኮት የለውም። ጥግ ላይ አንድ ትልቅ አሮጌ ጋን ነበር፣ ውስጡን በእጄ ዳብሼ ጠርጌ፣ ጠርሙሱ እንዲቆም ገለባ ነስንሼ፣ ቶሉይኑንና የብረት ፍቅፋቂውን የያዘውን ጠርሙስ አስቀመጥኩ፣ ብሮሚኑን በጭላንጭል ጠብ ጠብ አደረግኩበት፣ ጭሱ እንዲወጣ አፉን በጥጥ ብቻ ወትፌ፣ እትዬን ወፍራም ጨርቅ ስጡኝ አልኳቸው። ልባቸው ሌላ ቦታ ነበርና ከመስቀያው አንድ ጋቢ አውርደው ሰጡኝ፣ የማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። የጋኑን አፍ በዚያ ጋቢ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፌ ሸፈንኩና በጠፍር ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ይህን ሁሉ የምነግርህ በኋላ ስንጥቅ ነበር፣ ቀዳዳ ነበር እንዳትለኝ ነው።

ሲመሽ፣ ገና ራት ሳይቀርብ፣ ክፍሌ ውስጥ ኩራዝ አብርቼ የማስተምርበትን መጽሐፍ ሳነብ ከግድግዳው ማዶ «ቀጭ» አለ።

አይጥ ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ «ቀጭ»፣ እንደገና «ቀጭ»። አይጥ እንጨት ሲበላ ይከረክራል እንጂ ቀጭ አይልም፣ ግን የተማረ ሰው አይጥ ካለ አይጥ ነው፣ ማንበቤን ቀጠልኩ። ከዚያ ጉሮሮ የሚጠርግ ድምፅ ሰማሁ፣ ያውም ዝም ብሎ መጥረግ አይደለም፣ ግራዝማች ክሳቸውን ሊያሰሙ ሲሉ የሚያደርጓት፣ «እህ» ብላ ትንሽ የምትቆም፣ ከዚያ «እህ» የምትል። መጽሐፉን ዘጋሁ። ለቅሶ የመጣ ዘመድ ቀድሞ ደርሶ ይሆናል አልኩና ወጣሁ። ኩራዜን ግን ትቼው ነው የወጣሁት፣ ብርሃን ይዞ ወደ እቃ ቤት መሄድ ሥራዬን ማበላሸት ስለሆነ።

ደጅ ላይ ማንም የለም። የእቃ ቤቱ በር ተዘግቷል፣ በበሩ ሥር ግን፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ቀጭን ነጭ ብርሃን ተዘርግቷል። የኩራዝ ብርሃን ቢጫ ነው፣ ይህ ነጭ ነው። በሩ ፊት የግራዝማች ውሻ ተቀምጧል፣ እኔን ሲያይ በየቀኑ የሚጮህብኝ ያ ክፉ ውሻ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ጭራውን ይቆላል። ለማን እንደሚቆላ አትጠይቀኝ።

«ማነው?» አልኩ። «ቀጭ» አለና ጠፋ።

በሩን ከፈትኩት። ድቅድቅ ጨለማ ነው። እየዳበስኩ ጋኑ ዘንድ ደረስኩ፣ ጋቢው እንዳለ ነው፣ ጠፍሩም እንዳሰርኩት ነው። እጄን በጋቢው ላይ ሳደርግ ሞቀኝ፣ ልክ ሰው አሁን ከላዩ አውልቆት እንደሄደ። አሁን ፍታና እይ ትለኛለህ። እንዴት ብዬ? ለማየት መብራት ያስፈልጋል፣ መብራት ካመጣሁ ሥራው ይበላሻል፣ ያልታየ ነገር ደግሞ አይታወቅም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሙያዬ አስሮኝ አያውቅም። ቆሜ ቆሜ፣ ሥራው ራሱ ሲሠራ ይሞቃል፣ እሱ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ወጣሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ስወጣ እየሮጥኩ ነው።

በማግስቱ ለቅሶው በግቢው ፊት ካለው መስክ ላይ ሆነ። የጋይንት እህቶቻቸው ጥቁር ለብሰው መጡ፣ እትዬ ባንቺአምላክ በነጠላቸው ተሸፍነው ተቀመጡ፣ ያገሩ ሰው ከበበ፣ አቶ ፈንታሁን ከዳር፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ ሰውየው በእርግጥ መሞታቸውን በዓይናቸው ሊያረጋግጡ የመጡ መስለው ቆሙ። አልቃሿ ጠጄ ትባላለች፣ ከስማዳ፣ ከወገዳ የመጣች፣ ስሟ የተጠራ ሴት ናት። ግን የግራዝማችን ነገር ብትጠይቅ ብታስጠይቅ የሚያስለቅስ አላገኘችም፣ ለጋስ ነበር እንዳትል ሰው ይሰማታል፣ ጀግና ነበር እንዳትል የወጋው ወረቀት ነው። በመጨረሻ ካባውን አንስታ፣

«ጸሐፊው ተገላገለ ፥ ዳኛውም ተኛ፣
ደምሌ ይግባኝ አለ ፥ ከላይኛው ዳኛ»

አለች። ከኋላ አንዱ ነጠላው ውስጥ ፍርፍር አለ። ሌላው አስነጠሰኝ ብሎ አፉን ያዘ። ከዚያ ሳቁ በየነጠላው ሥር መዞር ጀመረ፣ የጋይንት እህቶች ዙሪያቸውን ማየት ጀመሩ፣ እትዬ ባንቺአምላክ አንገታቸውን እንዴት አድርገው እንደደፉ ዛሬም ይታየኛል፣ ምነው ባልመጣሁ አልኩ።

ጠጄ ልምድ ያላት ናት፣ ነገሩ ሲበላሽባት ወደ እትዬ ጎንበስ ብላ፣ «የለበሰው ጋቢ የታለ?» አለቻቸው። እሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ «እቃ ቤት ነው፣ ጋኑ ላይ» አሏት።

የግራዝማች ጋቢ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ተነስቼ እኔ ላምጣው ልል ስል ጠጄ ሄዳለች። ጠጄ ማለት በአገሩ ሁሉ ለቅሶ ላይ ዓይኗ ርሶ የማያውቅ ሴት ናት፣ አልቃሽ ታስለቅሳለች እንጂ አታለቅስም፣ ሥራዋ ነው። ከእቃ ቤቱ ስትወጣ ግን ጋቢውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እንባዋ በሁለቱም ጉንጯ እየወረደ፣ እየተደናቀፈች መጣች። ሰዉ አንገቱን አሰገገ። «ምን አይታ ነው?» ሲባባሉ ሰማሁ።

ጠጄ መስኩ መሀል ቆማ ጋቢውን አንዴ ዘርግታ አራገበችው።

ወዳጄ፣ ምን ልበልህ። እንባው ከፊት ረድፍ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ። ሲስቅ የነበረው መጀመሪያ አለቀሰ። የአጥቢያው ዳኛ አለቀሰ፣ ቅዳሴ መሀል አሳለ ተብሎ የተከሰሰው የአክስት ልጅ እዬዬ አለ። ለቅሶ ላይ የሟችን ልብስ ተቀብሎ ፊት ላይ ማድረግና ማሽተት ደንብ ነውና ጋቢው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፣ የያዘው ሁሉ ፊቱን ቀበረበት፣ ፊቱን የቀበረ ሁሉ እንደ ክረምት ጣራ አፈሰሰ። የጋይንት እህቶች ያገሩ ሰው እንዲህ ሲወደው ኖሯል ወይ እያሉ ይንሰቀሰቃሉ። እኔም አለቀስኩ፣ የማለቅስበትን ነገር ስሙን፣ ቀመሩን፣ አሠራሩን እያወቅኩ አለቀስኩ፣ ማወቄ አንዲት ጠብታ አላስቀረልኝም።

ጠጄ ጋቢውን ወስዳ አቶ ፈንታሁን እጅ ላይ አኖረችው። እምቢ ማለት አይቻልም፣ ነውር ነው። ለወጉ ያህል ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ ከዚያ ዱላቸው ወደቀ፣ እሳቸውም ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ጠጄ ዓይኗ ጨርሶ ባያይም ሙያዋ አልጠፋትም፣

«ለከሳሹ ቆሞ ፥ ተከሳሹ ሲያነባ፣
ፍርዱ ተፈጸመ ፥ ተከፈለ እንባ»

አለች፣ ሰዉም ተቀበላት።

እኔ በዚያ መሀል ወደ እቃ ቤት ሮጥኩ። በሩ አሁን ክፍት ነው፣ ብርሃን ገብቷል፣ ዓይኔን እያሸሁ ጋኑ ውስጥ አየሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቅላቱ ጠፍቶ ነጥቷል፣ ማለት ሥራው አልቋል፣ ያለቀውም ባልመረጥኩት በኩል ነው። ብረቱ ከሥሩ ተቀምጧል። ከጠርሙሱ አጠገብ፣ እኔ በእጄ ዳብሼ በጠረግኩት ጋን፣ እኔ በነሰነስኩት ገለባ ላይ፣ የግራዝማች ባትሪ ተጋድማለች፣ አፏን ወደ ጠርሙሱ አዙራ፣ ማብሪያዋ ወደ ፊት ተገፍቶ። አነሳኋት፣ ቀለለችኝ። ከኋላዋ ፈታሁት፣ ባዶ ነው። ወጥቼ ካቡን አየሁ፣ ድንጋዮቹ በጠዋት ፀሐይ እንደተደረደሩ ናቸው። የባትሪዋን ፊት ጉንጬ ላይ አደረግኩት፣ ሞቋል።

አሁን የምትለኝን አውቃለሁ። ጋቢው ሲነሳ ብርሃን ገባ ትለኛለህ፣ ጋቢው እኮ ሳይነሳ ነው እንባውን ጠጥቶ ያደረው። የተረፈ ብሮሚን ነው ትለኛለህ፣ ብሮሚን ቀይ ነው፣ ቀይ አልነበረም። ሥራው ሲሠራ የሚተነው አሲድ ነው ትለኛለህ፣ አሲዱ ያስላል፣ ማንም አላሳለም። ያ ነገር ያለ ብርሃን ወይ ያለ ብርቱ እሳት አይሠራም፣ ጥቅምት ውርጭ ላይ ደግሞ እሳት ማን አነደደ? በኋላ ጠጄን አግኝቼ ጠፍሩ ላልቶ ነበር ወይ ብላት፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ በጥርሴ ነው የፈታሁት» አለችኝ።

የዚያ ነገር እንባ ንጹሕ አየር ሲያገኝ ይደርቃል፣ ሰዉም ከቀትር በኋላ ፊቱን ታጥቦ ንፍሮውን ይበላ ነበር። አቶ ፈንታሁን ግን ሲመሽም ከዚያው ሣር ላይ አልተነሱም። ተጨንቄ ውሃ ይዤላቸው ሄድኩ፣ ምናልባት በዝቶባቸው ይሆናል ብዬ።

«ይታጠቡበት አቶ ፈንታሁን፣ ይተውዎታል።»

ውሃውን አላዩትም። ቅንጭቡን እያዩ፣ «እንግዲህ ማን ይከሰኛል?» አሉኝ። እንባቸው ይወርድ ነበር። ለዚህኛው ቀመር የለኝም።

በኋላ እትዬ ባንቺአምላክ ዘንድ ገባሁና ባትሪዋን አስረከብኳቸው፣ ተገኘች ብዬ፣ የት እንደተገኘች ሳልናገር። ዓይናቸው አብጦ ነበር፣ ፊታቸው ግን ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ቀን አርፎ አላየሁትም።

«አለቀሱለት አይደል?» አሉኝ።

«አለቀሱላቸው እትዬ፣ አንድም ሰው አልቀረ።»

ባትሪዋን በነጠላቸው ጠረጓትና፣ «አንተ ልጅ ግን ታስቀይማለህ» አሉ። «ስፈልጋት አብረኸኝ ስትፈልግ ውለህ፣ ማታ እሷኑ አብርተህ እቃ ቤት ስትገባ አየሁህ። ምነው ያኔውኑ ብትሰጠኝ?»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ከኋላህ አየሁህ፣ ጋቢህን ለብሰህ፣ ውሻው ተከትሎህ።»

እኔ ያን ማታ የለበስኩት ኮት ነው። ጋቢ አልነበረኝም፣ በግቢው የነበረው ጋቢ ደግሞ ጋኑ ላይ ነበር። አልነገርኳቸውም፣ ምን ብዬ? «ይቅርታ እትዬ» አልኩ። እሳቸውም «በል፣ አንተው ውሰዳት፣ እሱም ይወድህ ነበር» ብለው እጄ ላይ አስቀመጧት። ለፈረንጁ መምህሬ ምንም አልላክሁም፣ ብልቃጡን ቢከፍተው ኖሮ ያለቅስ ነበር፣ ለምን እንዳለቀሰም ላስረዳው አልችልም።

ባትሪዋ ዛሬም ቤቴ አለች፣ ሳጥኔ ላይ። መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆቼ ይነዘንዙኛል፣ አባዬ ለዚህች ድንጋይ ግዛላት እንጂ፣ ዝም ብላ ከምትቀመጥ ታብራልን ይሉኛል። እኔም እሺ እላለሁ፣ አልገዛም። እንዴት ብዬ ልንገራቸው፣ ድንጋይ ያስፈልጋታል ያለው ማነው?